የወባ ስላይድን ማን ያንብበው? ለዓይንና ለኮምፒውተር ስለሚነሣ የማይክሮስኮፕ ምስል

በአማራ ክልል ያለው አዊ ብሔረሰብ ዞን በወባ ረገድ አንድ ወጥ አገር አይደለም። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ዝናብና ጉም የማይለያት ደጋ ናት። ጃዊ ሰሊጥና ሸንኮራ የሚበቅልበት፣ ወባም ዓመት ጠብቆ የሚመጣበት ቆላ ነው። ዳንግላ በሁለቱ መካከል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለአረምና ለአጨዳ ወደ ጃዊና ወደ መተከል የወረደ የቀን ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት ወደ ደጋ ሲመለስ በቅርቡ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያም ብለድ ፊልም ይታዘዝለታል። ከጣቱ የተወሰደው ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፣ በጂምሳ ይቀለማል፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል።

ስላይዱን እስካሁን ሲያነብ የኖረው የላብራቶሪ ባለሙያው ዓይን ነው። ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ካሜራና ኮምፒውተር እንዲያነቡት ሲሞክሩ ቆይተዋል። ከዚህ ጋር ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል፦ አንባቢው ኮምፒውተር ከሆነ ምስሉ ለሰው ዓይን እንደሚነሣው ይነሣ ወይስ ማይክሮስኮፑ ራሱ ከመሠረቱ በሌላ መልክ ይሠራ? ይህ ዳሰሳ የዚህን ጥያቄ ታሪክ፣ የተያዙትን አቋሞችና የቀረቡትን ማስረጃዎች ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከላቨራን እስከ ወባ ማጥፊያ

ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቨራን በ1880 በአልጄሪያዋ ኮንስታንቲን ከተማ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በሕመምተኛ ደም ውስጥ ሲያይ የተመለከተው ያልቀለመ ደም ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሐምራዊ ስላይድ ጉስታቭ ጂምሳ በ1904 ያስተዋወቀው ቀለም ውጤት ነው። ቀለሙ የተሕዋሱን ኒውክሊየስ ቀይ፣ አካሉን ሰማያዊ አድርጎ ይለያል። ይህ ልዩነት የተመረጠው የሰው ዓይን በቀላሉ ስለሚይዘው ነው። የወባ ምርመራ ከመነሻው ለዓይን የተበጀ ሥራ መሆኑ ወደፊት ለምናየው ክርክር መሠረት ነው።

በእኛ አገር ስላይድ ማንበብ የሕዝብ ጤና ሥራ ምሰሶ የሆነው ከከባድ ጥፋት በኋላ ነው። በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። በይበልጥ የመታውም ወባን እምብዛም የማያውቀውን፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ የሚኖረውን ሕዝብ ነበር። የዳንግላ ከፍታ ከዚህ ወሰን የላይኛው ጫፍ አጠገብ ነው። በዓመቱ በ1959 በተለምዶ ወባ ማጥፊያ የሚባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ ደም መሰብሰብና ስላይድ ማንበብም የዘመቻው መደበኛ ሥራ ሆነ። ዛሬ በጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሙት በፈጣን መመርመሪያ ኪት ሲሆን ማይክሮስኮፕ የጤና ጣቢያና የሆስፒታል መሣሪያ ነው።

ደሙ ወደ ቁጥር ሲለወጥ

የማይክሮስኮፕን ምስል ለኮምፒውተር ማስነበብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጁዲት ፕሪዊትና ሞርቲመር ሜንደልሰን ነጭ የደም ሴሎችን ነጥብ በነጥብ ቃኝተው ወደ ቁጥር በመለወጥ ኮምፒውተር ዓይነታቸውን እንዲለይ ያደረጉበትን ሥራ ያሳተሙት በ1966 ነው። ቀጥሎ የዲጂታል ካሜራ ዳሳሽ ተፈጠረ። በ1990ዎቹ ደግሞ ስላይድን ከዳር እስከ ዳር ቃኝቶ አንድ ትልቅ ምስል የሚያወጣ ስካነር መጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 የፊሊፕስን ስካነር ለፓቶሎጂ ምርመራ ሲፈቅድ ምስሉን የሚያነበው አሁንም ሐኪሙ ነበር፤ ልዩነቱ ሐኪሙ በሌንስ ፋንታ ስክሪን መመልከቱ ነው።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚደበላለቁ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ለሰው ዓይን የተነሣና ሰው የሚያነበው ዲጂታል ምስል ነው። ሁለተኛው ለሰው ዓይን ተነሥቶ ኮምፒውተር የሚያነበው ነው። ሦስተኛው ከብርሃኑ እስከ ቀለሙ ኮምፒውተር እንዲያነበው ታስቦ የሚነሣው ነው። በአገራችን ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎትና ጤና በሚደረገው ውይይት ሦስቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ይታያል። የሚጠይቁት ወጪና የሚያስከትሉት አደጋ ግን የተለያየ ነው።

ለዓይን ያማረ፣ ለስሌት የተበላሸ

የስልክ ካሜራን የማይክሮስኮፕ መመልከቻ ላይ ደግኖ ፎቶ ማንሣት ዛሬ በየላብራቶሪው የተለመደ ነው። ፎቶው ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ይሆናል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስልኩ የምስሉን ነጭ ሚዛን በራሱ ያስተካክላል። በዚህ የተነሣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሰሮ ቀለም የተቀለሙ ሁለት ስላይዶች አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ሮዝ ሆነው ይወጣሉ። ስልኩ ጠርዝን ያጎላል፣ ጥላን ያበራል፣ በመጨረሻም ፋይሉን ለማሳነስ ጄፔግ አድርጎ ይጨምቃል። ጄፔግ ሲጨምቅ ቶሎ የሚጥለው ረቂቅ የቀለም ልዩነትን ነው፤ ዓይን ለዚያ ግድ ስለማይለው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ በሴል ውስጥ የሚሠራው ቀለበት ግን ከቀለም ቆሻሻ የሚለየው በዚያች ከአንድ ማይክሮን ባነሰች ቀይ የኒውክሊየስ ነጥብ ነው።

የነጥቧን መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ቀይ የደም ሴል 7 ማይክሮን ያህል ስፋት አለው። በውስጡ ያለው የፋልሲፓረም ቀለበት ከአንድ ማይክሮን እምብዛም አያልፍም። በዘይት የሚሠራው ባለ 100 ሌንስ በአረንጓዴ ብርሃን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት 0.27 ማይክሮን ገደማ ነው። ካሜራው ይህን ሁሉ ዝርዝር እንዲይዝ አንዱ ፒክስል ከስላይዱ ላይ ከ0.13 ማይክሮን በላይ መሸፈን የለበትም። ስለዚህ ሻጩ በሚያስተዋውቀው የሜጋፒክስል ብዛት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ዋናው ነገር ሌንሱ፣ አያያዡና ዳሳሹ መጣጣማቸው ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የትኩረት ጉዳይ ነው። ወፍራሙ ስሚር (ስላይዱ ላይ ወፈር ተደርጎ የተቀባው ደም) የብዙ ሴሎች ድርብርብ ስለሆነ ጥልቀቱ በርካታ ማይክሮን ይደርሳል፤ ባለ 100 ሌንስ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ውፍረት ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ሲያነብ እጁን አስተውሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳል፦ ጣቶቹ ከማስተካከያው ዘንግ ላይ አይነሡም፤ በእያንዳንዱ እይታ ትኩረቱን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እያመላለሱ ጥልቀቱን ይቃኛሉ። አንዲት ፎቶ ግን ከዚያ ጥልቀት አንዱን ንጣፍ ብቻ ትይዛለች፤ ከሱ በላይና በታች ያለው ተሕዋስ ደብዝዞ ከቀለም እድፍ ጋር ይመሳሰላል። ለኮምፒውተር የታሰበ ምስል ከአንድ ቦታ በተለያየ ጥልቀት የተነሡ ተከታታይ ፎቶዎችን ይጠይቃል። ይህ ሲሆን ለአንድ ስላይድ በመቶዎች የሚቆጠሩ እይታዎች በንጣፎቻቸው ይባዛሉ፤ የማከማቻውም መጠን በዚያው ልክ ያብጣል።

ከካሜራው በፊት ደግሞ ቀለሙ አለ። ጂምሳ በሚገባ የሚይዘው ውኃው ፒኤች 7.2 ሲሆን ነው። ፒኤቹን የሚጠብቀው ባፈር ጠፍቶ ቀለሙ በቧንቧ ወይም በጉድጓድ ውኃ ከተበጠበጠ ቫይቫክስ የተባለው የሌላው ወባ ተሕዋስ መለያ የሆኑት የሹፍነር ነጠብጣቦች አይታዩም፤ ያልተጣራ ቀለም ደግሞ ተሕዋስ የሚመስል ዝቃጭ ይጥላል። ሰው ይህን አይቶ «ስላይዱ አልቀለመም፤ ድገመው» ይላል። ኮምፒውተሩ እንዲህ እንዲል ካልተማረ በስተቀር ውጤት ከመስጠት አይመለስም።

አራት አቋሞች

በመስኩ ያሉት አመለካከቶች በአራት ጎራ ሊታዩ ይችላሉ፤ አንድ ተመራማሪ በጊዜ ሂደት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገርም ይታያል።

የመጀመሪያው ያለውን ማይክሮስኮፕ በስልክና በአያያዥ ማገዝ ይበቃል ይላል። በምሥራቅ አፍሪካ የዚህ አቋም ዋና ማዕከል የኡጋንዳው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጆን ኩዊንና ባልደረቦቹ ከ2014 ጀምሮ የወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ጥገኞች ምስሎችን በዚህ መንገድ ለኮምፒውተር አስነብበዋል፤ ሮዝ ናካሲ ሥራውን አስፍታ ቀጥላበታለች። ከጅማ ዩኒቨርሲቲም ፈቱልሐቅ አብዱራህማንና ባልደረቦቹ በ2021 ዮሎ የተባለውን የምስል መለያ ዘዴ አሻሽለው በወፍራም ስሚር ላይ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንን እንዲለይ አድርገዋል። የዚህ መንገድ ጥንካሬ ርካሽነቱና ባለሙያውን ከወንበሩ አለማስነሣቱ ነው። ድክመቱ ከላይ ያየነው የስልክ ካሜራ ወላዋይነት ነው።

ሁለተኛው ስላይዱን ተቀብሎ ትኩረቱን፣ ቅኝቱንና ንባቡን ራሱ የሚያከናውን የተሟላ መሣሪያ ይፈልጋል። ኢዚስካን ጎ የተባለው መሣሪያ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ምስሉ ግን አሁንም የጂምሳ ምስል ነው።

ሦስተኛው አቋም ሥር ነቀል ነው። በ2019 አሌክስ ሙቱምቢ፣ ሮርክ ሆርስትማየርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ማይክሮስኮፕ ከተፈለሰፈ ጀምሮ ለሰው ተመልካች ሲስተካከል እንደኖረ ጠቅሰው፣ አንባቢው ሲለወጥ መሣሪያውም መለወጥ አለበት ብለው ተከራከሩ። ከስላይዱ ሥር ብዙ ትናንሽ መብራቶች ደረደሩ፤ የትኛው መብራት ምን ያህል ይብራ የሚለውን ውሳኔ ኮምፒውተሩ ከንባቡ ትምህርት ጋር አብሮ እንዲማረው አደረጉ። በዚህም በወባ የተያዙ ሴሎችን መለየቱ ከተለመደው አበራር ጋር ሲነጻጸር ከ5 እስከ 10 በመቶ ተሻሽሏል። በዚያው ዓመት በስታንፎርድ የማኑ ፕራካሽ ላብራቶሪ ኦክቶፒ የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። እዚህ ጂምሳ ራሱ ቀርቷል፤ ደሙ የሚቀለመው ዳፒ በተባለ የሚያበራ ቀለም ነው። በዳፒ የቀለመው የፋልሲፓረም ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 10 ናኖሜትር ያህል ፈቀቅ ስለሚል ኮምፒውተሩ በዝቅተኛ ማጉያ እንኳ ይለየዋል፤ በደቂቃ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ሴሎችን መቃኘት እንደሚችልም ተዘግቧል። ሰው በዝቅተኛ ማጉያ የተነሣውን ያን ምስል ቢያይ የሚያገኘው ጨለማ ላይ የተበተኑ ነጠብጣቦችን ነው።

አራተኛው ጎራ ችግሩ ከምስሉ ላይ አይደለም ይላል። ባፈር፣ ንጹሕ ስላይድ፣ የሠለጠነና የማይሰለች ባለሙያ፣ መብራት ሲጠፋም የፀሐይ ብርሃን የሚመልስ መስታወት እስካሉ ድረስ ማይክሮስኮፕ ሥራውን ይሠራል፤ ገንዘቡ ለእነዚህ ቢውል ይሻላል ባይ ነው። ይህን ክርክር እንደ ኋላ ቀርነት ማየት ስሕተት ይመስለኛል፤ ከአራቱ ሁሉ ለጤና ጣቢያው እውነታ የቀረበው እሱ ነውና። ግን ለአንድ ነገር መልስ የለውም፦ በወረርሽኝ ወቅት አንድ ባለሙያ ፊት ስላይድ ሲቆለል የሚመጣውን ድካም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በዚህ መስክ «97 በመቶ ትክክል» ዓይነት ቁጥር በየጥናቱ ይገኛል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት 97 በመቶ የምን ነው? የሚለው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ስብስብ 27,558 የሴል ምስሎችን ይዟል፤ የተገኙትም በባንግላዴሽ ቺታጎንግ 150 የፋልሲፓረም ሕሙማንና 50 ጤነኞች ከሰጡት ደም ነው። የአንድ ሰው ሴሎች ተከፋፍለው ግማሹ ለማስተማሪያ፣ ግማሹ ለመፈተኛ ከዋሉ ኮምፒውተሩ የተፈተነው በሚያውቀው ሰው ቀለምና ብርሃን ላይ ነው። በሴል ደረጃ ያለው ውጤት ወደ ሰው ደረጃ ሲወጣም ይለወጣል፤ አንድ ስላይድ ላይ ብዙ ሺህ ሴል ስላለ ከመቶ ሴል በአንዱ መሳሳት ጤነኛውን ሁሉ ሕመምተኛ ያደርጋል።

በሰው ደረጃ ከተደረጉት ሰፊ ፍተሻዎች አንዱ የኢዚስካን ጎ ነው። በ2022 የታተመው ይህ ጥናት በ11 አገሮች 2,250 ስላይዶችን መርምሯል። መሣሪያው ወባ ያለባቸውን 91.1 በመቶ አግኝቷል፤ የሌለባቸውን ግን በትክክል «የለም» ያለው 75.6 በመቶ ላይ ነው። የተሕዋስያኑ ብዛት ከባለሙያዎቹ ቆጠራ በ25 በመቶ ልዩነት ውስጥ የገባው በ23 በመቶ ስላይዶች ብቻ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ምዘና አንደኛ ደረጃ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ቢያንስ በግማሾቹ ላይ ማሳካት ይጠበቅበታል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ አዊ አምጥተን እናስላ። በደጋው ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1,000 ሰዎች ወባ ያለባቸው 50 ናቸው ብንል መሣሪያው 46 ያህሉን ያገኛል፤ ከቀሩት 950 ውስጥም 232 ያህሉን «ወባ አለባቸው» ይላል። እንግዲህ ወባ ከተባሉት መካከል በእርግጥ ወባ ያለባቸው ከስድስቱ አንዱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። በቆላው ከ1,000ው 400ው ወባ ቢኖራቸው ግን ከአሥሩ ሰባቱ እውነተኛ ይሆናሉ። አንድ መሣሪያ በጃዊ ጠቃሚ፣ በእንጅባራ አሳሳች ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ መኪና የቀን መንገድ ላይ። የተሳሳተው «ወባ» የሚያስከትለውም የወባ መድኃኒቱ የኮአርተም ብክነት ብቻ አይደለም፤ ታይፎይዱን፣ ታይፈሱን፣ የሳንባ ምቹን መሸፈኑ ነው።

እዚህ ላይ በውጭ ጥናቶች እምብዛም የማይነሣ፣ ለእኛ ግን ከባድ የሆነ ነጥብ አለ። በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት፣ ግርሻ የምንለው፣ ዛሬ በዓለም ላይ በይበልጥ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። የሚታወቀውም በዚያው ለወባ በተቀባው ደም ላይ ነው፦ ከሴሎች መካከል የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። ወባ ፈልግ የተባለ ባለሙያ ክሩን ካየ ይጽፋል። ወባን ብቻ የተማረ ኮምፒውተር በምስሉ ውስጥ ክሩ እያለ «የለም» ይላል። በዝቅተኛ ማጉያ፣ ለወባ ብቻ በተመረጠ ብርሃን የተነሣ ምስል ከሆነ ደግሞ በኋላ ሰው ቢመለከተውም ላይታይ ይችላል። ሦስተኛውን አቋም በጥርጣሬ እንድመለከት የሚያደርገኝ ይህ ነው። መሣሪያው ለአንድ ጥያቄ ይበልጥ በተሳለ ቁጥር ላልተጠየቀው ይበልጥ ይደነዝዛል።

ፈጣን መመርመሪያው እያለ ለምን ማይክሮስኮፕ?

ኪቱ በሃያ ደቂቃ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይባላል። መልሱ በከፊል ከአማራ ክልል የመጣ ነው። ስንዴው መካሻ ፈለቀና ባልደረቦቹ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,572 ሰዎች ናሙና ወስደው በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ኪቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ኤችአርፒ2 የተባለው ጂን ከአንዳንድ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን መጥፋቱን አሳይተዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ በፕሮቲኑ ላይ የተመሠረተ ኪት 9.7 በመቶ የሚሆኑትን የፋልሲፓረም ሕሙማን ይስታል ብለው ገምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ይቀየር የሚለው ጉድለቱ 5 በመቶ ሲደርስ ነው።

ጂን ጠፋም ቆየ ተሕዋሱ መልኩን አይቀይርም፤ ስላይድ ላይ ይታያል። በተጨማሪም ኪቱ የተሕዋስያኑን ብዛት አይናገርም፤ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት «አለ» ሊል ይችላል። ቫይቫክስ በኛ አገር ብዙ ስለሆነና ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ዓይነቱን መለየት የሕክምናውን መንገድ ይለውጣል። ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ሲመዘገቡ 18 በመቶው ሕሙማን ከአማራ ክልል ነበሩ። ይህን ያህል ስላይድ የሚያነብ ዓይን ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ቅንጦት አይደለም።

ከአንጀት ጥገኞች የተገኘ ሌላ ምክንያት

ከወባ ውጭ በአገራችን ጎልቶ የሚታየው ሙከራ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር የተሳተፈበት ነው። በ2022 የታተመው ሥራቸው በካቶ ካትዝ ዘዴ የተዘጋጀ የሰገራ ስላይድ ላይ ያሉ የወስፋት፣ የመንጠቆ ትልና የቢልሃርዝያ እንቁላሎችን በኮምፒውተር መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። እዚህ ዲጂታል ምስል ከዓይን የሚበልጥበት ግልጽ ምክንያት አለ። ስላይዱን ለማጥራት የሚገባው ግሊሰሪን የመንጠቆ ትልን እንቁላል በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ አሟሙቶ ያጠፋዋል። ባለሙያው ከትምህርት ቤት የመጡ ደርዘን ስላይዶችን ተራ በተራ ሲያነብ የመጨረሻዎቹ ባዶ ሆነው ይጠብቁታል። ምስሉ በሰዓቱ ከተነሣ ግን እንቁላሉ ተይዞ ይቀራል፤ ነገ በሌላ ሰው ወይም ባሕር ዳር ባለ ላብራቶሪ ዳግም ሊነበብ ይችላል።

የጥራት ቁጥጥሩ የሚጠቀመውም ከዚህ ነው። ዛሬ ከጤና ጣቢያዎች የተመረጡ ስላይዶች ዳግም ለመነበብ ወደ ላቀ ላብራቶሪ ይላካሉ፤ በመንገድ ይሰበራሉ፣ ቀለማቸው ይለቃል፣ መልሱም ይዘገያል። ሰውም ኮምፒውተርም የሚያነበው ምስል ቢኖር ከማሽኑ ፍርድ በፊት የሚጠቅመው ይህንን ሥራ ነው። ለአዊ ዓይነት አካባቢ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ አጠቃቀም ነው።

ገና ያልተቋጩ ነገሮች

የመጀመሪያው የማስተማሪያ ምስሎች ጉዳይ ነው። በቺታጎንግ ፋልሲፓረም የተማረ ኮምፒውተር የጎጃምን ቫይቫክስ በምን ያህል ያውቀዋል? ከወባማ ስላይድ ይልቅ የሚጎድለው ደግሞ ከደጋ የመጣ፣ ወባ የሌለበት፣ እድፍና ዝቃጭ የሞላበት ተራ ስላይድ ነው፤ ከላይ ያየነው የ75.6 በመቶ ድክመት የሚታረመው በእሱ ነውና። ይህን ለመሰብሰብ እንደ እንጅባራና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ተቋማት ውድ መሣሪያ አይጠይቃቸውም፤ የሚጠይቀው ወጥ የአነሣሥ ሥርዓትና የሁለት ባለሙያዎች የተናጠል ንባብ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የማን ንባብ እውነት ተደርጎ ይያዝ የሚለው ራሱ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። የተሕዋሱን ዲኤንኤ የሚፈልገው ፒሲአር ይፍረድ የሚሉ አሉ፤ ፒሲአር ግን ማንም በዓይን ሊያየው የማይችለውን ጥቂት ተሕዋስ ስለሚያገኝ ምስሉን በሌለበት ነገር መክሰስ ይሆናል።

ሁለተኛው የመረብ ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ምስሉን ወደ ሩቅ አገልጋይ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሥርዓት በዚያ ጊዜ ምንም አይሠራም ነበር። ስሌቱ በመሣሪያው ውስጥ ካለቀ ግን መሣሪያው ይወደዳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ይመለከታል። ስም የሌለው የደም ስሚር ምስል በዚህ ሥር ይገባል ወይ? ከጃዊ ሠራተኛ ጣት የተወሰደ ደም ምስል ሆኖ፣ ውጭ አገር ያለ ኩባንያ መሣሪያ ተምሮበት፣ መሣሪያው ተመልሶ ለዚያው ጤና ጣቢያ ሲሸጥ ዋጋው ላይ የጤና ጣቢያው ድርሻ ምን ይሆናል? ውሉ መጻፍ ያለበት የመጀመሪያው ስላይድ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ነው።